የስንዴው ዓይነት ተቀይሮም ሕመሙ ሲቀጥል፦ ለሴሊያክ ሕመምተኞች ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ የፉርኖ ዱቄት ትቼ የሀገር ስንዴ ዳቦና የአጃ ገንፎ ብጀምርም የሆድ መነፋቱ፣ ተቅማጡና ድካሙ አልተወኝም።

ምክንያት፦ ሴሊያክ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ በሚገኝ ፕሮቲን) ተቀስቅሶ የራሱን ቀጭን አንጀት የሚጎዳበት ሕመም ነው፤ ግሉተን የሌለው ስንዴ ደግሞ የለም። በዓይነቶቹ መካከል ልዩነት መኖሩ እውነት ነው። የዳቦ ስንዴ ኤ፣ ቢ እና ዲ የተባሉ ሦስት የዘር ስብስቦች አሉት። ሕመሙን አጥብቀው ከሚቀሰቅሱት የፕሮቲን ቁርጥራጮች ዋነኛው፣ 33 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ የሚመነጨው ከዲ ነው። ለፓስታ የሚሆነው ዱረም ዲ የለውም፤ አይንኮርን የተባለው ጥንታዊ ስንዴ እንዲያውም ኤ ብቻ ነው ያለው። ከዚህ ተነሥቶ «ጥንታዊ ስንዴ ለሴሊያክ ይስማማል» የሚል ምክር ይናፈሳል። ይህ ምክር ሰው ይጎዳል! በኤ እና በቢ የሚመረቱት የግሉተን ፕሮቲኖችም አንጀትን ያቆስላሉ፤ ስፔልት የተባለው ሌላው ጥንታዊ ስንዴ ደግሞ ዲም አለው።

አጃ በተለይ ያሳስበኛል። ባሌ ውስጥ የሚመረተው ቅርፊታም አጃ የስንዴ ዘር ነው። በካርቶን ታሽጎ ለቁርስ የሚሸጠው አጃ ግን ሌላ እህል ነው፤ ከስንዴና ከገብስ ጋር ካልተነካካ ብዙ ሕመምተኞች ይስማማቸዋል።

መፍትሄ፦ ስንዴን ከነዘመዶቹ፣ ገብስንም ጨምሮ መተው። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ በብቅል የሚጠመቅ ጠላና ቢራ አብረው ይቀራሉ። ስንዴ ቀንሶ መብላት አያድንም፤ ሕመም ሳይሰማም አንጀት ይጎዳል።

ችግር፦ የምበላው የጤፍ እንጀራ ብቻ ነው፤ ግን አልተሻለኝም።

ምክንያት፦ ጤፍ ራሱ ንጹህ ነው፤ ጥፋቱ ያለው በመንገዱ ላይ ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ከእናንተ በፊት የነበረው ደንበኛ ስንዴ አስፈጭቶ ከሆነ፣ ድንጋዩ ላይና መውረጃው ውስጥ የቀረው ዱቄት በእናንተ ጤፍ ላይ ይወርዳል። ዓለም አቀፉ መመዘኛ «ከግሉተን ነጻ» ለሚባል ምግብ የሚፈቅደው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ነው፤ ስለዚህ አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት ብዙ ኪሎ ጤፍ ያበላሻል። እርሾውም ይታይ፤ ቀድሞ ስንዴ ከተቀላቀለበት ሊጥ የተቀመጠ ከሆነ ግሉተኑን ይዞ ይመጣል፤ መቡካቱም አያጠፋውም። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ጤፉ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የሚጋገር እንጀራ ብዙ ነው።

መፍትሄ፦ ጤፉን በእህልነቱ ገዝታችሁ አበጥሩ፤ ስንዴና ገብስ በማይፈጭበት ወፍጮ አስፈጩ። ካልተገኘ አነስተኛ የቤት ወፍጮ መግዛት ገንዘቡን አያስቆጭም። አሮጌውን እርሾ ድፉና በጤፍ ዱቄትና በውኃ ብቻ አዲስ ጀምሩ። ምጣዱ፣ ማሰሻውና የሊጡ ዕቃ ለብቻ ይሁኑ። እንጀራ ስትገዙ «ጤፍ ነው?» ብላችሁ አትለፉ፤ ምን እንደተቀላቀለበት፣ እርሾው ከምን እንደተጀመረ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ አትግዙ።

ችግር፦ ስንዴ ካቆምኩ በኋላ ተመርምሬ «ሴሊያክ የለብህም» ተባልኩ።

ምክንያት፦ የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት በግሉተን ምክንያት የሚያመርታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። ግሉተን ሲቀር እነርሱም እየቀነሱ ይሄዳሉ።

መፍትሄ፦ ያልተመረመረ ሰው ከምርመራው በፊት ስንዴ አያቋርጥ። ያቋረጠ ደግሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ ለምርመራ ሲባል እንደገና መብላት ያስፈልግ እንደሆነ፣ ለምን ያህል ጊዜም እንደሆነ የሚወስነው እርሱ ነው።