አይጥ ቤት ከገባች መርዝ ለመግዛት አትሩጡ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮርኒሱ ላይ ሩጫ ተጀመረ። በማግስቱ እንደ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያደረግኩት መርዝ መግዛት ነው። መርዙ ሠራ፣ አይጧ ሞተች። ግን የሞተችው እዚያው ኮርኒሱ ውስጥ ነበር፤ ሽታው ከሁለት ሳምንት በላይ አልለቅ ብሎን በመጨረሻ ቺፑዱን አስነቅለን ነው የተገላገልነው። ከወር በኋላ ደግሞ ሩጫው እንደገና ጀመረ። ለምን ቢባል፣ የገባችበትን ቀዳዳ ማን ደፈነው?

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ቀዳዳ፣ ምግብ፣ ወጥመድ። መርዝ መጨረሻ ላይ ነው፣ ባይመጣ ደግሞ ይሻላል።

በመጀመሪያ የትኛዋ እንደገባች እወቁ። ከምድጃው ኋላ፣ ከሲንኩ ሥር፣ ከጤፉ ጆንያ ግርጌ ፈልጉ። የሩዝ ፍሬ የምታክል ጥቁር ኩስ ካገኛችሁ ትንሿ አይጥ ናት። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ አይጠመጎጥ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ለትንሿ የሚሆነው ወጥመድ አይጠመጎጡን አይዘውም።

ቀጥሎ ቀዳዳ። ይሄ አሰልቺው ሥራ ነው፣ ግን ዋናው እሱ ነው። ትንሿ አይጥ ስድስት ሚሊ ሜትር ከበቃት ትገባለች፣ ማለትም እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ለእሷ በር ነው። ቀን ላይ መስኮቱንና በሩን ዝጉና ብርሃን የሚያስገባውን ቦታ ተመልከቱ። ከዚያ በስልካችሁ መብራት የሲንኩ ቱቦ ግድግዳ የሚበሳበትን፣ የመብራት ገመድ የሚገባበትን፣ ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበትን፣ የጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ የግድግዳውን ግርጌ ዙሩት። በጨርቅ ወይም በፌስታል አትወትፉት፤ የአይጥ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ መቦርቦር ሥራዋ ነው። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ ላዩን በሲሚንቶ ምረጉት። ከበሩ ሥር ክፍተት ካለ ላሜራ አስመቱበት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ቱቦው ከፎቅ ፎቅ ስለሚያገናኛችሁ ጎረቤትም ካልደፈነ ድካማችሁ ግማሽ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራይ ንገሩ፣ ግን መልስ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ አንድ እፍኝ ሲሚንቶ ከጭቅጭቅ ይረክሳል።

ምግቡን በተመለከተ፣ አይጧ በቀን የምትበላው ሦስት አራት ግራም ብቻ ነው። መሶብ ሥር የወደቀ ፍርፋሪ ይበቃታል። ውኃውንም ቢሆን ከምግቡ ታገኘዋለች። ጤፉን ከመሬት አንሡትና እንጨት ላይ አድርጉት፣ ከግድግዳውም ትንሽ አርቁት፤ ከቻላችሁ ግን ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ገልብጡት። ሽሮና በርበሬ በፌስታል አይቀመጥም። የውሻው ትርፍራፊም ማታ ውጭ አይደር።

አሁን ወጥመድ። አንድ ገዝቶ መሃል ወለል ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። አይጥ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ባለ ስፕሪንጉን ወጥመድ ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ አድርጋችሁ አጋድሙት፣ አራት አምስት ቦታ። ምግቡ አተር ቢያክል ይበቃል፤ የኦቾሎኒ ቅቤ ጥሩ ነው፣ ቋንጣ ከሆነ ግን በክር እሰሩት፣ አለበለዚያ ነጥቃ ትሄዳለች። አይጠመጎጥ አዲስ ነገር ስለሚጠራጠር ለሁለት ሦስት ቀን ወጥመዱን ሳትወጥሩ ምግቡን ብቻ አስለምዱት። የሙጫ ወጥመዱን እኔ አልወደውም፤ በሕይወት ተጣብቃ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ ማደሯ ለማንም ደስ አይልም።

ኩሱን በደረቁ አትጥረጉት፣ አቧራው በሽታ ይዞ ይነሣል። ቤቱን ለግማሽ ሰዓት አናፍሱት፣ ጓንት አድርጉ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አርከፍክፉበትና አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በወረቀት አንሡት። የሞተችውንም እንዲሁ።

መርዝ የግድ ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባ እህል ስለሚመስል ሕፃን ከረሜላ ይመስለዋል። ድመታችሁም የተመረዘችውን አይጥ በልታ ልትሞት ትችላለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። አንዳንዱ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ስለሆነ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው፤ ልጅ ከቀመሰ "ደህና ነው እኮ" ብላችሁ አትቀመጡ፣ ማሸጊያውን ይዛችሁ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ድመትስ? ካለች ጥሩ፣ ግን ጠግባ የምታድር ድመት አይጥ ፊቷ ቢያልፍም ግድ ላይሰጣት ይችላል። እሷን አምናችሁ ቀዳዳውን አትተዉት።

አይጥ በሦስት ሳምንት ገደማ ስለምትወልድ አንዲት ስለተያዘች ወጥመዱን አታንሡ፣ ቢያንስ ለወር ይቆይ። ከዚያ ማታ ላይ በግድግዳው ጥግ የሕፃን ፓውደር ነስንሳችሁ ተኙ። ጠዋት ኮቴ ካያችሁ ወጥመዱን ወደዚያ አዙሩት። ከሌለ ፓውደሩን ወልውሉት።