ስለሚወዱት ነገር ሰው ስንጠይቅ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ከሮክ ሙዚቀኞችና ከሰሌዳ ስፖርተኞች ጋር

በለገጣፎ መግቢያ በምትገኝ አንዲት ክፍል ውስጥ ቃለ መጠይቅ መቅዳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እንግዶቼ በአብዛኛው ሮክ የሚጫወቱ ወጣቶችና በአስፋልት ላይ ስኬትቦርድ የሚነዱ ልጆች ናቸው። አንድ ጊዜም ለዘመድ ጥየቃ ከካናዳ መጥቶ የነበረ፣ ስኖውቦርድ፣ ማለትም በአንድ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በረዷማ ቁልቁለት መውረድን፣ በማስተማር የሚተዳደር የአገራችን ልጅ በዚያችው ክፍል ተቀምጦ አጫውቶኛል። በቅርቡ ሥራውን ለመልመድ ከእኔ ጋር የሚቀመጡ ሦስት ጀማሪዎች፣ እኔ በጊዜዬ የሠራሁትን ስህተት በተከታታይ ሲደግሙት ስላየሁ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት «ይህ ነገር ከባህላችን ጋር አይጋጭም ወይ?» ብሎ መጀመር ነው። ጠያቂው ደፋር ጥያቄ ያነሣ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ያደረገው ግን እንግዳውን ከባለሙያ ወንበር አንሥቶ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ማቆም ነው። የተከሰሰ ሰው ራሱን ይከላከላል እንጂ ስለሚወደው ነገር አያወራም። ጥያቄው ከታሪክም ጋር አይስማማም፤ ኤሌክትሪክ ጊታር ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ ባንዶች እጅ የነበረ መሣሪያ ነውና። እኔ ይህን ጥያቄ ከአያት ኮንዶሚኒየም ጀርባ ባለች የልምምድ ክፍል ውስጥ ለአንድ ጊታር ተጫዋች አቅርቤለት ነበር። ልጁ ጊታሩን ከጭኑ አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ለአርባ ደቂቃ ያህል «አዎ»፣ «አይ»፣ «ይመስለኛል» እያለ መለሰልኝ። መብራት ሲጠፋና መቅረጫዬን ወደ ቦርሳዬ ስመልስ ግን ጊታሩን መልሶ አነሣ፤ በልጅነቱ የአያቱን በገና እየሰማ ማደጉን፣ ከአውታሮቹ ሥር የሚገቡት ቁራጭ ቆዳዎች ድምፁን እንዴት እንደሚያነዝሩት፣ እርሱም በአምፕሊፋየሩ ላይ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረውን ቅንብር) ሲጨምር የሚፈልገው ያንኑ ንዝረት እንደሆነ በጨለማው ውስጥ ነገረኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ውዱ ይህ ነበር፤ አንድም ቃል አልተቀዳም።

ሁለተኛው ስህተት ስለ ፍቅሩ ራሱን በቀጥታ መጠየቅ ነው። «ለሙያህ ያለህ ፍቅር ምን ይመስላል?» የተባለ ሰው ሁሉ «ሕይወቴ ነው» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሄድበት መንገድ የለም። ከካናዳ የመጣውን እንግዳ «ፍርሃትን እንዴት ታሸንፋለህ?» ብዬ ጠይቄው ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ የተናገረውን መልስ ሰጠኝ። «ስትወርድ የትኛው እግርህ ይቀድማል?» ስለው ግን ከወንበሩ ተነሣ። ግራ እግሩን የሚያስቀድም ሬጉላር፣ ቀኙን የሚያስቀድም ጉፊ እንደሚባል አስረዳኝ፤ ከኋላዬ ቀስ አድርጎ ገፋኝና ሳላስብ የቀደመውን ቀኝ እግሬን እያሳየ ጉፊ መሆኔን ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ማቋረጥ አላስፈለገኝም። ጀማሪን ክፉኛ የሚጥለው ወደ ቁልቁለቱ ያለው የሰሌዳው ጠርዝ በረዶውን ሲነክስ መሆኑን፣ የታላላቅ ውድድሮች ሃፍፓይፕ (በሁለት ወገን የበረዶ ግድግዳ ያለው የመወዳደሪያ ቦይ) ግድግዳ 6.7 ሜትር ገደማ እንደሚረዝም፣ ከዚያ አፋፍ በላይ በአየር ላይ ሳለ ጆሮው የሚሰማው የራሱን ትንፋሽ ብቻ እንደሆነ ተረከልኝ። ፍርሃቱንም፣ ፍቅሩንም ያገኘሁት ከእግሩ ጀምሬ ነው።

ሳይዘጋጁ መሄድም አለ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለ ስፖርተኛ ነው፤ ነገር ግን የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነው፣ በስኖውቦርድ አይደለም። ስኪ ሁለት ሰሌዳና ሁለት ዘንግ ይፈልጋል፤ በስኖውቦርድ ሁለቱም እግሮች በአንድ ሰሌዳ ላይ ይታሰራሉ፣ ሰውነትም በጎኑ ይወርዳል። ይህን ያምታታ ጠያቂ የእንግዳውን እምነት በመጀመሪያው ደቂቃ ያጣል። አንድን አዲስ ባንድም «በአገራችን የመጀመሪያው የሮክ ባንድ ናችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት፣ ጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን በ2012 እ.ኤ.አ. እንዳወጣ ማወቅ ይገባል።

ካፌ ውስጥ አትቅዱ፤ የቡና ማሽኑ እንግዳችሁን ይውጠዋል።

ስፖርተኛውን ስፖርተኛ ብቻ፣ ሙዚቀኛውንም ሙዚቀኛ ብቻ አድርጋችሁ አትያዙ። በሃፍፓይፕ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው አሜሪካዊው ስኖውቦርደር ሻውን ዋይት በሮክ ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። በላፍቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የስኬትቦርድ ሜዳ ላይ ካገኘኋቸው ልጆች አንዱም ዝላዩን ያስረዳኝ ከበሮ እንደሚመታ ሰው በእጁ ጭኑን እየመታ ነው፤ ምቱ ካልመጣለት እንደማይዘል ነገረኝ።

ስለ ዝላይ ካነሣሁ፣ የምጸጸትበትን ልናገር። ቪዲዮው ደብዝዞብኝ አንድን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «እባክህ አንድ ጊዜ ድገመው» አልኩት። ደክሞት ነበር፤ ግን እኔን ማሳፈር አልፈለገም። በወደቀበት የእጅ አንጓው ተሰነጠቀ፤ እናቱ ቤት ሄጄ ይቅርታ ስጠይቅ «እርሱስ ልጅ ነው፣ እርስዎ ግን ትልቅ ሰው ነዎት» አሉኝ። ለካሜራ ብላችሁ ማንንም አታስደግሙ። እንግዳው በራሱ ፈቃድ ሲደግመው ካልቀረጻችሁት፣ በቃል ግለጹት።

ዝምታን መሙላት እስካሁን ያልተላቀቅኩት ጉድለት ነው። እንግዳው ቃል ሲፈልግ እኔ አቀብለዋለሁ፤ እርሱም የእኔን ቃል ተቀብሎ የራሱን ይተወዋል። አሁን በልቤ እስከ ሰባት እቆጥራለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ አራት ላይ እሸነፋለሁ።

መቅረጫውንም ቶሎ አትዝጉ። እንግዳው ታክሲ እስኪይዝ ድረስ እንደሚቀዳ ገና ሲገባ ነግሬው ፈቃዱን እጠይቃለሁ፤ እምቢ ያለኝ ጥቂት ነው። ወደዚያ ጊታር ተጫዋች ልጅ ዘንድ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ስለ አያቱ በገና እንዲያጫውተኝ ለመንኩት። በደግነት ተቀብሎኝ ሁሉንም ነገረኝ፤ በጨለማው ውስጥ እንደተናገረው ግን አልነበረም።