ለጀልባና ለካራቫን የሚሆን ሊቲየም ባትሪ እንዴት ይመረጣል?

ሊቲየም ባትሪ ለመግዛት የተነሳ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት አምፔር-ሰዓት እንደሚይዝ ነው። መልሱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ግን እሱ አይደለም። ሽፋናቸው ላይ 100 አምፔር-ሰዓት ከተጻፈባቸው ሁለት ባትሪዎች አንዱ ለዓመታት ሲያገለግል ሌላው ከባድ ዕቃ እንደተሰካበት ሊጠፋ ይችላል። ልዩነቱ ያለው ሴሎቹን በሚጠብቀው፣ ቢኤምኤስ በሚባለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ጊዜዎን እዚያ ላይ ያጥፉ።

1. የሴሉን ዓይነት ይለዩ

ሰው ለሚተኛበት ቦታ የሚሆነው ሊቲየም ብረት ፎስፌት ነው። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ስለሆነ አራቱ በተከታታይ ሲያያዙ 12.8 ቮልት ይሰጣሉ። ኒኬልና ኮባልት ያለባቸው ሊቲየሞች በክብደት ይቀላሉ፤ ነገር ግን ከልክ በላይ ሲሞቁ እሳት የመፍጠር ዝንባሌያቸው የበለጠ ስለሆነ ከአልጋ ሥር እንዲቀመጡ አልመክርም። ሻጩ የሴሉን ዓይነት በግልጽ ካልነገረዎት ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

2. የቀን ፍጆታዎን ያስሉ

የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በሚሠራበት ሰዓት ያባዙ። 45 ዋት የሚወስድ ፍሪጅ የቀኑን ግማሽ ቢሠራ 540 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። መብራት 50፣ ማራገቢያ 200፣ ኮምፒውተርና ስልክ 200፣ የውሃ ፓምፕ 20 ቢሆኑ ድምሩ 1010 ነው። አንድ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 1280 ዋት-ሰዓት ሲሆን ዕድሜው እንዲረዝም 80 በመቶውን ብቻ ቢጠቀሙ 1024 ያገኛሉ። ለአንድ ቀን ልክ በልክ ነው። ፀሐይ የማይወጣበትን ቀን ካሰቡ እጥፉን ይያዙ። የአሲድ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ከግማሽ በታች ማውረድ ስለሚጎዳው፣ ለዚሁ ሥራ ብዙ ተጨማሪ ክብደት መሸከም ግድ ይሆን ነበር።

3. ያለማቋረጥ የሚሰጠውን አምፔር ይመርምሩ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። 1500 ዋት የሚወስድ የውሃ ማፍያ በኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት በሚቀይር መሣሪያ፣ ሊሠሩ ነው እንበል። 1500ን ለ12.8 ሲያካፍሉ 117 አምፔር ይመጣል፤ ኢንቨርተሩ ራሱ አሥር በመቶ ገደማ ስለሚያባክን ከባትሪው የሚሳበው ወደ 130 አምፔር ይደርሳል። ቢኤምኤሱ የሚፈቅደው 100 አምፔር ከሆነ ውሃው ሳይሞቅ መስመሩን ይቆርጠዋል። መብራቱ ይጠፋል፣ ፍሪጁ ጸጥ ይላል፤ ጀልባ ላይ ከሆኑ ደግሞ ሬዲዮውና የአቅጣጫ መሣሪያው አብረው ይጠፋሉ።

ባትሪው ግን ሙሉ ነው። ጫፎቹን በመለኪያ ሲነኩ ዜሮ ወይም ጥቂት ቮልት ስለሚያሳይ ባለቤቱ ተቃጠለ ብሎ ይደመድማል። በአብዛኛው የሚያስፈልገው ጭነቱን አንስቶ ቻርጀር መሰካት ብቻ ነው። አንዳንድ ቻርጀሮች ዜሮ ቮልት ሲያገኙ ባትሪ እንደሌለ ቆጥረው ሥራ አይጀምሩም፤ ስለዚህ የተዘጋ ሊቲየም ማንቃት የሚችል ቻርጀር ይግዙ።

መግለጫው ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ ያለማቋረጥ የሚሰጠው፣ ሌላው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚችለው። በትልቁ የሚጻፈው ሁለተኛው ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ነው። እኔ ቢኤምኤሱ 100 አምፔር ብቻ ከሚፈቅድ አንድ ባለ 200 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይልቅ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ባለ 100ዎችን እመርጣለሁ። ከላይ ያልነውን ጭነት 65፣ 65 አምፔር ይካፈሉታል፤ አንዱ ቢበላሽም መብራትዎና ሬዲዮዎ አብረውት አይጠፉም። ባለ 24 ቮልት መስመር ካለዎት ደግሞ ባትሪው በተከታታይ መያያዝ መፍቀዱን መመሪያው ላይ ያረጋግጡ፤ ሁሉም አይፈቅድም።

4. ስለ ቅዝቃዜ ይጠይቁ

ሊቲየም ብረት ፎስፌት ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ኃይል መስጠት ይችላል፤ መሙላት ግን የለበትም። በብርድ ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ አሉታዊው ጫፍ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፤ ይህ ጉዳት አይመለስም። ስለዚህ በብርድ ጊዜ መሙላትን የሚያቋርጥ ቢኤምኤስ ሊኖረው ይገባል። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ የሚያጎድሉት ይህን ነው። ብርዱ በሚከብድበት አካባቢ የሚጓዙ ከሆነ ራሱን የሚያሞቅ ባትሪ ዋጋው ይገባዋል።

5. ከዲናሞው ጋር በቀጥታ አያገናኙት

የአሲድ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለውን ኃይል ራሱ ስለሚቀንስ ዲናሞው ያርፋል። ሊቲየም ግን ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ የተሰጠውን ሁሉ ይወስዳል። የተለመደው የሞተር ዲናሞ ደግሞ ሙሉ አቅሙን ለሰዓታት እንዲሰጥ አልተሠራም። በተለይ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ማቀዝቀዣ ማራገቢያውም ስለሚዘገይ ዲናሞው እስኪቃጠል ድረስ ሊግል ይችላል። ሌላም አደጋ አለ። ቢኤምኤሱ በመሙላት መሀል መስመሩን ቢቆርጥ ቮልቴጁ በድንገት ያሻቅብና የዲናሞውን ዳዮዶች ሊያቃጥል ይችላል።

መፍትሔው ሞተሪኖውን የሚያዞረውን የአሲድ ባትሪ በቦታው ትቶ፣ በእሱና በሊቲየሙ መካከል ከዲሲ ወደ ዲሲ የሚሠራ፣ ማለትም ከአንዱ ባትሪ ወስዶ ሌላውን በልክ የሚሞላ ቻርጀር ማስገባት ነው። ለ100 አምፔር ዲናሞ የ30 ወይም የ40 አምፔር ቻርጀር ይበቃል። ይህን ዕቃ ለመቆጠብ ብለው በተራ ሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚያገናኙ ሰዎች አሉ፤ ቁጠባው የአንድ ዲናሞ ዋጋ እንኳን አያህልም።

የግድግዳ ቻርጀርዎና የሶላር መቆጣጠሪያዎ ከ14.2 እስከ 14.6 ቮልት መስጠታቸውን ከባትሪው መመሪያ ጋር ያስተያዩ። ለአሲድ ባትሪ ተብሎ ቮልቴጁን ከ15 በላይ የሚያወጣ የማስተካከያ ዙር ካላቸው ይዝጉት።

6. ፊውዝ፣ ኬብልና መለኪያ

ሊቲየም ባትሪ ሲሾርት በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፤ ተራ ፊውዝ ሲቀልጥ ውስጡ የሚፈጠረውን ብልጭታ ላያቆመው ይችላል። 20,000 አምፔር መቁረጥ የሚችለውን ክላስ ቲ ፊውዝ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ያስሩ። ቮልቴጁ በአብዛኛው የመልቀቂያ ጊዜ 13 አካባቢ ስለሚቆይ የቀረውን ኃይል ቮልት ቆጥሮ ማወቅ አይቻልም፤ በሻንት፣ ማለትም መስመሩ ላይ በሚገባ አነስተኛ መለኪያ ሬዚስተር፣ የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ይግዙ።

ሁለት ባትሪዎችን ጎን ለጎን ሲያያይዙ ሁለቱም አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ ይሁኑ፤ ከመገናኘታቸውም በፊት እያንዳንዳቸው ለየብቻ እስከ ጫፍ ይሙሉ። የማገናኛ ኬብሎቹ ርዝመት እኩል ይሁን፤ አዎንታዊውን መስመር ከአንደኛው፣ አሉታዊውን ከሁለተኛው ባትሪ ያውጡ። ጀልባውን ወይም ካራቫኑን ለወራት ሲያቆሙ ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልተው ከሁሉም ዕቃ ያላቅቁት፤ ኢንቨርተር ምንም ባይሰካበትም እንደበራ ከተተወ ጥቂት በጥቂት ያራቁተዋል።