ዕቃ ከተቀየረለት በኋላ የተንቀራፈፈ ዴስክቶፕ፦ ከየት ጀምሮ መፈተሽ

ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ (በፈጣኑ ዓይነት ዲስክ) ተተካ፣ ራም ተጨመረ ወይም ማዘርቦርዱ ተለወጠ፤ ኮምፒውተሩ ግን ከበፊቱ ብሶበት አረፈው። ባሕር ዳር ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ እስከ ፔዳ ግቢ ባሉት የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤቶች፣ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚሰማው መፍትሔ «ፎርማት ይደረግ» ነው። አትቸኩሉ። ዕቃ በተለወጠ ማግሥት የመጣ መንቀራፈፍ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የአዲሱ ዕቃ አሰካክ ወይም የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) አቀማመጥ ነው። ፎርማት ደግሞ የላላ ኬብል አያጠብቅም።

ምንም ሳትነቅሉ በፊት ለኩ። ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብራችሁ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ እዩ። ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዞ ሳለ የሚያስተላልፈው በሰከንድ ከ1 ወይም ከ2 ሜጋባይት የማያልፍ ከሆነ፣ ሪስፖንስ ታይሙም (ዲስኩ ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ) 500 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ እየደረሰ ከቆየ፣ ጣጣው ዲስኩ ወይም ኬብሉ ጋ ነው። ጤነኛ ኤስኤስዲ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይመልሳል። ሥራ በዝቶበትም የሲፒዩው ፍጥነት 0.8 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ከተቸነከረ ፕሮሰሰሩ ራሱን እየገታ ነው፤ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው።

ዊንዶውሱም አዲስ ከተጫነ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት አትቁጠሩበት። ዝመና ሲወርድ፣ ዲፌንደር (የዊንዶውሱ ጸረ ቫይረስ) ሲፈትሽ፣ ፋይሎች ሲመዘገቡ ዲስኩ ፋታ አያገኝም። በሞባይል ዳታ እየተቆራረጠ ከሆነ ነገሩ ለቀናት ይጎተታል፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወስዶ አንድ ሌሊት አብርቶ ማሳደሩ ይቀላል።

ዲስክ

በብዛት የሚያሳስተው አሮጌው ሃርድ ዲስክ «ፋይል ማስቀመጫ ይሁን» ተብሎ ከኤስኤስዲው ጎን ሲቀር ነው። አንድም ኮምፒውተሩ አሁንም የሚነሣው ከአሮጌው ዲስክ ሊሆን ይችላል፤ ኮፒ የተደረገው ዊንዶውስ ኤስኤስዲው ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አለዚያም አሮጌው ዲስክ እየሞተ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ የተሰካ ዲስክ ሁሉ እስኪመልስለት ስለሚጠብቅ አንድ የታመመ ዲስክ ሙሉ ማሽኑን ስታክ ያስደርገዋል።

ለመለየት ኮምፒውተሩን አጥፉ፤ የመብራት ገመዱን ከሶኬት ንቀሉና ማብሪያውን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስጨርሱት። ከአሮጌው ዲስክ ዳታ ኬብሉንም ፓወር ኬብሉንም አውጥታችሁ እንደገና አብሩ። ፈጥኖ ከተነሣ ጥፋተኛው ተገኘ። ጭራሽ አልነሣም ካለ ዊንዶውስ ሲጫን ሁለቱም ዲስኮች ተሰክተው የነበሩ ሊሆን ይችላል፤ ጫኙ ፕሮግራም አሮጌው ላይ የማስነሻ ክፍል ካገኘ የማስነሻ ፋይሎቹን እዚያው ያስቀምጣቸዋል። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው፣ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ካስቀመጣችሁ በኋላ ኤስኤስዲው ብቻ ተሰክቶ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ነው።

ዲስኩ አንድ ብቻ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱ። ሲ7 የሚለው መስመር በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲተላለፍ የተበላሸውን ዳታ ይቆጥራል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ አንድ ሰዓት ሠርታችሁ መልሳችሁ እዩት። ከጨመረ ሳታ ኬብሉን (የዲስኩን ዳታ ኬብል) ለውጡ፤ በብዙ ኤስኤስዲዎች ላይ ከዚያ በላይ ወጪ አይጠይቅም። የድሮው ቁጥር ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መታየት ያለበት መጨመሩ ብቻ ነው። ሃርድ ዲስክ ላይ ግን 05 ወይም ሲ5 የሚሉት መስመሮች ከዜሮ በላይ ከሆኑ ዲስኩ ራሱ እየተበላ ነው፤ ቶሎ ፋይላችሁን አውጡ።

ባዮስ ውስጥ ደግሞ ሳታ ሞድ (ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ስልት) አይዲኢ ላይ ሳይሆን ኤኤችሲአይ ላይ መሆን አለበት። የባዮስ ባትሪ ሲደክም ወይም ባዮሱ ሪሴት ሲደረግ ይህ ሳይታወቅ ይለወጣል። ዊንዶውሱ በአይዲኢ ተጭኖ ከነበረ ዝም ብላችሁ ብትለውጡት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። መጀመሪያ ሲስተም ኮንፊግሬሽን ውስጥ ሴፍ ቡት ላይ ምልክት አድርጉ፣ ሪስታርት ስታደርጉ ባዮስ ገብታችሁ ለውጡ፣ በሴፍ ሞድ አንድ ጊዜ ካስነሣችሁ በኋላ ምልክቱን አንሡ።

እንደ ፈረንጆቹ ከ2011 እስከ 2013 አካባቢ የተሠሩ፣ ገበያው ላይ እስካሁን የሚሸጡ ዩዝድ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ፈጣን ሳታ ወደባቸው አንድ ወይም ሁለት ነው። ኤስኤስዲው 3 ጊጋቢት የሚለው ወደብ ላይ ከተሰካ በሰከንድ 280 ሜጋባይት ገደማ፣ 6 ጊጋቢት ላይ 550 ገደማ ይሰጣል። ቢስተካከል ጥሩ ነው፤ ግን ቀርፋፋው ወደብ ላይ ያለ ኤስኤስዲም ከሃርድ ዲስክ እጅግ ይፈጥናልና ማሽኑ የሚንፏቀቅ ከሆነ ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

ራም

ታስክ ማናጀር ሜሞሪ ገጽ ላይ ሃርድዌር ሪዘርቭድ የሚለውን እዩ። 8 ጊጋ ሰክታችሁ ግማሹ እዚያ ከተያዘ፣ ወይ ዊንዶውሱ 32 ቢት ነው፣ ወይ ራሙ በትክክል አልገባም። አውጡት፤ በወርቃማው ጠርዝ ላይ ንጹሕ ላጲስ በቀስታ አሹበት፣ ፍርፋሪውን ጠርጉና ሁለቱም ጫፍ ጠቅ እስኪል መልሳችሁ ስኩት። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት የቆየ ራም ላይ ይህ ላጲስ ብዙ ጊዜ ዕቃ ከመግዛት ያድናል።

ሁለት ራም ካላችሁ ጎን ለጎን አትደርድሯቸው። አራት ስሎት ባለው በአብዛኛው ማዘርቦርድ ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ቦታቸው ሁለተኛውና አራተኛው ነው። የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ራሞች ሁለቱም በቀርፋፋው ፍጥነት ይሠራሉ፤ ይህ የሚሰማው በጥቂቱ ነው። ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ሃንግ የሚያደርግ ከሆነ ግን አንድ በአንድ እየሰካችሁ በዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ፈትሹ።

ሙቀት

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሱቅ ውስጥ፣ በሌላ ጊዜ ሳይታወቅ የቆየ ደካማ አገጣጠም እንኳ ይጋለጣል።

ኤችደብሊው ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ሙቀቱን እዩ። ሥራ በሌለበት ከ35 እስከ 50 ዲግሪ ደኅና ነው፤ ሥራ ላይ 95 እና ከዚያ በላይ ከደረሰ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማዘርቦርድ ወይም ፕሮሰሰር በተለወጠበት ኮምፒውተር ላይ ተጠርጣሪው የኢንቴሉ ክብ ፋን አራት የፕላስቲክ እግሮች ናቸው። አንዱ እንኳ ካልያዘ ሂት ሲንኩ (ከፋኑ ሥር ያለው ሙቀት የሚወስድ ብረት) በአንድ ጎን ይነሣል። ከላይ ሲታይ የገባ ይመስላል፤ ማረጋገጫው ከማዘርቦርዱ ጀርባ ነው። ነጩ እግር በቀዳዳው ወጥቶ፣ ጥቁሩ ፒን መሐሉ ገብቶ ከፍቶት መታየት አለበት። ስትገጥሙ በሰያፍ ትይዩ ያሉትን ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅ እስኪሉ ተጫኑ፣ ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን።

ፋኑ በተነሣ ቁጥር ቴርማል ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል የሚቀባው) መታደስ አለበት። የድሮውን በአልኮል ጥረጉ፤ ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶውም ይሆናል፣ ውሃ ስላለበት ግን በደንብ እስኪደርቅ ታገሡ። አረቄ አይሆንም፣ ለሌላ ጊዜ ይቀመጥ። አዲሱ ፔስት መሐሉ ላይ የአንዲት አተር ፍሬ ያህል ይበቃል። አዲስ የተገዛ ሂት ሲንክ ከሆነ ከሥሩ የተለጠፈችውን ስስ ፕላስቲክ ማንሣት አይረሳ።

የቀሩት

ግራፊክስ ካርድ ተጨምሮ ለውጥ ከሌለ የሞኒተሩ ኬብል ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ እንዳይሆን እዩ። ማዘርቦርድ ከተለወጠ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለባቸውን ድራይቨሮች፣ በተለይ ቺፕሴቱን፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተለወጠ ኡቡንቱን (በዊንዶውስ ፋንታ የሚነሣ ነጻ ሥርዓት) በፍላሽ አዘጋጁና ሳትጭኑ ከፍላሹ አስነሡ። ድር አሰሳውና ፋይል መክፈቱ እዚያም ከተንቀራፈፈ ችግሩ ዕቃው ሊሆን ይችላል። ፈጣን ከሆነ ዊንዶውሱ ወይም ዲስኩ ይቀራል፤ ዲስኩን ከላይ ከፈተሻችሁት ፎርማት ማድረጉ አሁን ተገቢ ነው።

መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ኮምፒውተር ሪስታርት ያደርጋል ወይም ይጠፋል እንጂ አይንቀራፈፍም፤ ስለዚህ ለዚህ ብላችሁ ስታቢላይዘር አትግዙ። ባዮስ አፕዴት የምታደርጉ ከሆነ ግን ባትሪው የተሞከረ ዩፒኤስ ላይ ይሁን። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ላይነሣ ይችላል።

ዕቃው ራሱ ተበላሽቶ ወደ ሻጩ የምትመልሱ ከሆነ የክሪስታል ዲስክ ኢንፎውን ወይም የሙቀቱን ስክሪን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ከደረሰኙ ጋር ያዙ። ዩዝድ ዲስክ ስትለውጡም ፓወር ኦን አወርስ የሚለውን ቁጥር (ዲስኩ በርቶ የቆየበትን ሰዓት) እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።