ቀለሙ ነው ወይስ ግድግዳው? የቤት ቀለም ችግርና መፍትሄ

ለልጄ ክርስትና ሳሎኑን ነጭ አስቀባሁት። ቤቱ ቦግ ብሎ ነበር። በበዓሉ ቀን ግን ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡት አጎቴ ብድግ ሲሉ የጥቁር ኮታቸው ጀርባ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። እንግዳ ፊት በጣም አፈርኩ። ያን ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በቀለሙ ላይ ጣልኩ። አሁን ግን ግድግዳውንም ቀቢውንም ሳልመረምር አልፈርድም።

ግድግዳው ልብስ ያቆሽሻል

ቀለም በዋናነት ሦስት ነገር ነው። የሚሸፍነው ዱቄት፣ ዱቄቱን ግድግዳ ላይ የሚይዘው ሙጫ፣ እና የሚያቀጥነው ውሃ ወይም ቲነር። ውሃው ይተናል። ግድግዳው ላይ የሚቀረው ዱቄትና ሙጫ ነው። ርካሽ ቀለም ላይ ብዙ ጊዜ የሚቆጠበው ሙጫው ነው፤ በምትኩ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይበዛል። ያዥ ያጣ ዱቄት ደግሞ ሲነኩት ይራገፋል።

ግን ጥሩ ቀለምም እንዲህ ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ ውሃ ከበዛበት። በካሬ ተዋውሎ ቀለሙንም ራሱ የሚገዛ ቀቢ፣ ጋሎኑ እንዲበረክትለት ውሃ ሊያበዛ ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን ራሳችሁ ግዙ፣ ጣሳውም እናንተ ባላችሁበት ይከፈት። በጣሳው ላይ ከተጻፈው መጠን በላይ ውሃ አይጨመር። ሁለተኛ፣ ስቱኮ ወይም ጀሶ የተለሰነ ግድግዳ ውሃ ጠጪ ነው። ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) ካልቀደመው የቀለሙን ሙጫ መጥጦ ዱቄቱን ላዩ ላይ ይተወዋል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከተረፈው ቀለም ምንም ሳትጨምሩ መስታወት ቁራጭ ላይ ቀቡ። መስታወት ምንም አይጠጣም። ሳምንት ይድረቅና በጥቁር ጨርቅ እሹት። ቅርፊት ሆኖ ቢነሳ አትደንግጡ፤ መስታወት ቀለም አጥብቆ አይዝም። ዱቄት ሆኖ ጨርቁን ካነጣው ግን ጥፋቱ ከጣሳው ነው። መስታወቱ ላይ ደህና ሆኖ ግድግዳው ላይ የሚራገፍ ከሆነ ወይ ውሃ በዝቷል፣ ወይ ፕራይመር ተዘሏል።

መፍትሄው አንድ ነው። በላዩ ሌላ ቀለም መደረብ ብቻውን አይበጅም፤ አዲሱም ከዱቄቱ ጋር ይነሳል። በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ዱቄቱን ጠርጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላችሁ አድርቁ። ፕራይመር ቀቡና ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም።

ከግድግዳው ሥር ይላጣል፣ ያብጣል

ክረምት ሲገባ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ቅርፊት እየሆነ ሲወድቅ ያላየ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። እዚህ ላይ ቀለሙን መክሰስ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ውሃ ከመሬት ወደ ግድግዳው እየተሳበ ይወጣል። ጨውም ይዞ ይመጣል፤ ያ ነጭ ብናኝ እሱ ነው። ዘይት ቀለም ከተቀባ ደግሞ ይብሳል፤ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ቀለሙን ገፍቶ ያሳብጠዋል።

ከመቀባታችሁ በፊት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ቆርጣችሁ፣ አራቱን ጎን በፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽጉት። ከ24 ሰዓት በኋላ ተመልከቱ። ውሃው ከላስቲኩ ኋላ፣ በግድግዳው በኩል ካቆረ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው። በክፍሉ በኩል ካላበው ደግሞ ከቤቱ አየር ነው፤ መስኮት መክፈት ይረዳል።

ከግድግዳው ከሆነ መጀመሪያ ምንጩን ፈልጉ። የሚያፈስ አሸንዳ፣ የተሰበረ ቧንቧ፣ ከግድግዳው ጋር የተደለደለ አፈር፣ ውሃ የሚያቁር ግቢ። ምንጩ ሲዘጋ የተበላሸውን ልስን ፈልፍሉ፣ ጨውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ (በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባል)፣ በበጋ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ አየር የሚያሳልፍ ቀለም። ለጭቃ ቤት ከዘይት ቀለም ኖራ ይሻላል፤ ግድግዳው ይተነፍሳል።

አዲስ የሲሚንቶ ልስንም ቢያንስ አንድ ወር ያህል ሳይቀባ ይቆይ። የልስኑ እርጥበትና የሲሚንቶው ኃይል ቀለም ያበላሻል። እንቁጣጣሽ ደርሷል ብሎ እርጥብ ልስን ማስቀባት ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነው።

ሦስት እጅ ተቀብቶም አይሸፍንም

ይሄ ከቀለሙ ጥራት ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ነጭ ቀለምን ሸፋኝ የሚያደርገው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ውድ ዱቄት ነው። ርካሹ ውስጥ ይህ ጥቂት ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። 40 ካሬ ግድግዳ አላችሁ እንበል። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ ለአንድ እጅ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። ጥሩው በሁለት እጅ ከሸፈነ 8 ሊትር ይበቃል። ርካሹ አራት እጅ ከጠየቀ 16 ሊትር ነው፤ የቀቢው ሥራም እጥፍ ይሆናል። በዋጋ ስታወዳድሩ ጣሳ ከጣሳ ሳይሆን ካሬ ከካሬ አወዳድሩ። ተመሳሳይ የሚመስሉ ጣሳዎች የሚይዙት ሊያንስ ስለሚችል ሊትሩን አንብቡ።

ብዙ ሰው ጣሳውን አንሥቶ «ከባድ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላል። እኔም እል ነበር። ግን የኖራ ድንጋይ ዱቄትም ከባድ ነው። ይልቅ ትንሹን ጣሳ ግዙ። ካርቶን ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ወፍራም መስመር አስምሩ፣ ሁለት እጅ ቀቡ፣ ደርቆ ተመልከቱ። መስመሩ አሁንም ጎልቶ ከታየ ሌላ ቀለም ፈልጉ።

ነጩ በር ቢጫ ሆነ፣ ጥግ ላይ ሻጋታ ወጣ

ዘይት ቀለም፣ በተለይ ብርሃን የማያገኝ ቦታ፣ እየቆየ ቢጫ ይሆናል። መፍትሄው አሽቶ ፕራይመር ቀብቶ በውሃ የሚሠራ የበር ቀለም መጠቀም ነው። ሻጋታውን በአንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ እጠቡት፣ አለቅልቁ፣ አድርቁ። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ።

ልጆች ያሉበት ቤት አሮጌ ቀለም ሲላጥ

ይህን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት እለምናለሁ። አሮጌ ዘይት ቀለም፣ በተለይ ደማቅ ቢጫና ቀይ፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። የልጅን አእምሮ ይጎዳል። በኢትዮጵያ ሕግ የሚፈቀደው ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) አይበልጥም፤ ድሮ የተቀባው ግን ያን ገደብ አያውቅም። ስለዚህ በደረቁ አታሹት፣ አታቃጥሉት። ውሃ እየረጫችሁ ፋቁ፣ የወደቀውን ሰብስባችሁ በላስቲክ ቋጥሩ፣ ልጆቹ እስኪጠረግ ሌላ ቤት ይዋሉ። አዲስ ስትገዙም ጣሳው ላይ ስለ እርሳስ የተጻፈ ነገር መኖሩን ፈልጉ፤ ከሌለ ሻጩን ጠይቁ።