ሮቶው ሞልቶ ፓምፑ የሚነሳበትን ምክንያት አገኘሁት

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር በአንዲት ክሊክ ተፈታ። ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ውሃው ከ30 በመቶ በታች ሲወርድ ፓምፑ በራሱ እንዲነሳ በኖድ-ሬድ (ኖድ የሚባሉ ሳጥኖችን በመስመር እያገናኙ ፕሮግራም የሚሠሩበት መሣሪያ ነው) ፍሎው ሠርቼ ነበር፤ ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው። የውሃውን መጠን ከሚለካው ሴንሰር በኤምኪውቲቲ (መሣሪያዎች አጫጭር መልእክት የሚላላኩበት መንገድ) የሚመጣው ቁጥር፣ ከ30 ጋር ወደሚያወዳድረው ስዊች ኖድ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ፓምፑ። ሦስት ሳጥን፣ ሁለት መስመር፣ በቃ።

25 ላይ ይነሳል፣ 60 ላይ ዝም ይላል፣ ጥሩ። 100 ሲሞላ ግን ፓምፑ ተነሳና ውሃው ግቢውን አጥለቀለቀው። 9 ላይ ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ አልነሳም አለ። ሴንሰሩን ጠረጠርኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋውን ሪሌይ ፈታሁ፤ ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ከኤምኪውቲቲው ኖድ ላይ የሚመጣውን መልእክት የሚያሳይ ዲበግ ኖድ ቀጠልኩ (ገና ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝ ይሄንን ነው)። ያ 9 በጥቅስ ምልክት ተከቦ መጣ፤ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው ማለት ነው። ስዊቹ ውስጥ የጻፍኩት 30ም እንደ ጽሑፍ ነው የተቀመጠው። ሁለት ጽሑፎች ሲወዳደሩ ደግሞ እንደ መዝገበ ቃላት ከፊት ጀምሮ አንድ በአንድ ስለሆነ፣ 1 ከ3 ስለሚቀድም ብቻ 100 ከ30 ያንሳል፣ 9 ግን ይበልጣል!

ስዊች ኖዱን ከፍቼ ከ30 ጎን ያለውን የዓይነት መምረጫ ወደ ቁጥር ቀየርኩና ለውጡን ሥራ ላይ የሚያውለውን ቁልፍ ተጭኜ ዲፕሎይ አልኩ። ዲፕሎይ ካላላችሁ ለውጡ ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው የሚቀረው፣ እኔ አንዴ ተሸውጃለሁ። አሁን 9 ላይ ይነሳል፣ 100 ላይ ዝም።