ፍሊፕድ ክላስ ለደረሳችሁ የሒሳብ ተማሪዎች፣ ቪዲዮውን እንዴት ነው ማየት ያለባችሁ

ሌክቸሩን ቤት በቪዲዮ አይታችሁ ክላስ ላይ ጥያቄ ብቻ የምትሰሩበት አካሄድ ነው ፍሊፕድ ክላስሩም የሚባለው፣ በደንብ የታወቀው በፈረንጆቹ 2007 በርግማንና ሳምስ የሚባሉ የኮሎራዶ ኬሚስትሪ አስተማሪዎች ትምህርታቸውን እየቀዱ መስጠት ከጀመሩ በኋላ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ላይ "ታዲያ አስተማሪው ምን ሊሰራ ነው?" ይላል፣ እውነትም ቪዲዮ እጅ አውጥተህ አትጠይቀው። ግን ያው ተማሪ ፖዝ አድርጎ መልሶ ማየቱን ይወደዋል፣ ክላስ ላይ እኮ ቦርዱ ከጠፋ በቃ ጠፋ።

በመጀመሪያ ዳታ አትጨርሱ። አንድ ሰው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዶ ከቴሌግራም ያውርደውና በፍላሽ ወይ በብሉቱዝ ተቀባበሉት፣ ጽሁፉ እስከተነበበ ድረስ ዝቅተኛው ኳሊቲ ይበቃል።

ስታዩት ደግሞ ተኝታችሁ አይሁን፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። አስተማሪው ጥያቄ ጽፎ መስራት ሊጀምር ሲል ፖዝ፣ ራሳችሁ ሞክሩት። ለምሳሌ የሳይን ኦፍ ኤክስ ስኩዌር፣ ማለትም የsin(x²)፣ ዴሪቬቲቭ (የግራፉ ስሎፕ) ቢመጣ ብዙ ሰው ኮሳይን ኦፍ ኤክስ ስኩዌር ብሎ ያቆማል፣ ከዛ ፕሌይ ስታደርጉ አስተማሪው በ2ኤክስ ሲያባዛ ታያላችሁ። እዛች ጋ ነው ትምህርቱ ያለው! ደቂቃውን ጻፉና "6:40 ላይ 2ኤክሷ ከየት መጣች" ብላችሁ ክላስ ይዛችሁ ሂዱ፣ "አልገባኝም" ብቻ ከተባለ አስተማሪውም የቱ ጋ እንደሆነ አያውቅም።

ከቻላችሁ ያንኑ ፈንክሽን ጂኦጂብራ የሚባለው ግራፍ የሚስል አፕ ላይ አውጡት፣ ነጻ ነው፣ ስልክ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሰራል። ዜሮ አካባቢ ግራፉ ለጥ ያለ ነው፣ ወደ ቀኝ በሄዳችሁ ቁጥር ሞገዱ እየተጣበበ ቁልቁለቱና ዳገቱ ቀጥ እያለ ይመጣል፣ ኤክስ ሲያድግ ስሎፑን የምታጎላው እንግዲህ ያቺው 2ኤክስ ናት። ይሄን ቦርድ ላይ በእጅ ስሎ ማሳየት ከባድ ነው፣ ቴክኖሎጂ ለሒሳብ ጠቀመ የምለው እንዲህ ሲሆን ነው። ፎቶ አንስተው መልስ የሚሰጡትን አፖች ግን ሞክራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ለማመሳከር ብቻ ክፈቷቸው፣ ፈተና ላይ ስልክ የለም።

ቪዲዮውን ሳታዩ ክላስ አትግቡ በቃ፣ ግማሹ ሳያይ ከመጣ አስተማሪው እንደገና ሌክቸር ይጀምራል፣ ያየውም ሰው ጥያቄውን ሳይጠይቅ ሰዓቱ ያልቃል።

ሪፕ (የክላስ ተወካይ) የሆናችሁ ደግሞ አስተማሪውን በትህትና ጠይቁልን፣ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ከሚሆን አስር አስር ደቂቃ ተደርጎ ይከፈል፣ ክላስ ሲጀመርም የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለተማሪ ጥያቄ ይሁኑ።